በእንግዳ ፊት የማይሳለው ምላጭ

አንድ ጢም ላጭ ነበረ። ሥራውን ይወዳል፤ ሰው ይወዳል፤ ሰውም ይወደዋል። የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም የሚነግረው ጠፋ።

እማሆይ ጽጌማርያም ይህን ወሬ የጀመሩት ትርንጎ ለጠየቀቻቸው ጥያቄ መልስ ነው ብለው ነው። ትርንጎ ከታላቅ እኅቷ ጋር ከተኳረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። እናታቸው ስትታመም ታላቂቱ በጊዜ አልደረሰችም፤ የደረሰችው ለቀብር ነው፤ በለቅሶው ድንኳን ውስጥም ክፉ ቃል ተነጋገሩ። አሁን «እሑድ እመጣለሁ» ብላ ልካለች።

«እማሆይ፣» አለች ትርንጎ፣ «ያን ዕለት ቃል አጥሮኝ ነው የተረታሁት። ከዚያ ወዲህ የምመልስላትን በየቀኑ ሳሰናዳ ከርሜአለሁ። ግን ሰው ፊት ስቆም ያሰናዳሁት ይጠፋብኝና ያላሰብኩት ክፉ ነገር ያመልጠኛል። ሰው የሚናገረውን መቼ ነው የሚያሰናዳው?»

እማሆይ መልሱን ትተው ወደ ጢም ላጩ ተመለሱ።

ይህ ሰው በአንዲት የገበያ ከተማ፣ የወፍጮ ቤት ግድግዳ ተጠግቶ ይሠራ ነበር። ዕቃው ትንሽ ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ውኃ የሚይዝ ጣሳ፣ ሳሙና፣ በቀንድ እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ አንድ ምላጭ፣ ደግሞም ምላጩ የሚሳልበት፣ ከበሬ ጀርባ የተቆረጠ ክንድ የሚያህል ጠፍር። ጠፍሩን በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በምስማር መትቶ አንጠልጥሎታል። እሱ ራሱ ግን ጢሙን ተላጭቶ አያውቅም። እስከ ደረቱ የወረደ፣ ሲናገር የሚወዛወዝ፣ የሚያምር ጢም ነበረው። «የሰው ፊት እያጸዳሁ የራሴን ለማጽዳት ጊዜ የት አገኛለሁ?» ይላል ሲጠይቁት።

ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ፣ «ሰው ሲቀመጥ ምላጭህን ሳለው፤ ሰው ሲነሣ ጥረገው፣ አድርቀው፣ ተወው» ብሎት ነበር። ጢም ላጩ ግን ይህ ነገር አልዋጥልህ አለው። እናቱ ያሳደገችው በእንግዳ ፊት ቢላ አይሳልም እያለች ነው። አንድ ሰው አንገቱን ሰጥቶህ ተቀምጦ፣ አንተ ከፊቱ ቆመህ ስለት ብታፋጭ፣ ምን ይለዋል? ነውር ነው። ያስፈራል። ስለዚህ ልማዱን ገለበጠው። ሰው ሲቀመጥ ወዲያው ሳሙናውን ቀብቶ ይላጫል። ሰውየው ተመራርቆ ከሄደ በኋላ፣ ዞር ብሎ፣ ማንም ሳያየው፣ ገና እርጥብ የሆነውን ምላጭ በጠፍሩ ላይ ያመላልሳል። ሲጨርስ አጥፎ በጨርቅ ይጠቀልለውና ደረት ኪሱ ይከተዋል። «ለሚቀጥለው እንግዳ ተዘጋጅቼ ጠበቅሁ» ይላል በልቡ፤ ደስም ይለዋል።

ገበያ በደራ ቀን ይህ ብዙ አይጎዳም። አንዱ ሲነሣ የተሳለው ምላጭ ወዲያው ሌላው ፊት ላይ ይውላል። ችግሩ የማለዳው ሰው ላይ ነው። ስለት የምንለው ነገር እኮ ለዓይን የማይታይ ስስ ጠርዝ ነው። ጢም ላጭቶ ሲወጣ ደክሟል፤ ጎብጧል፤ ርሷል። በዚያ ላይ ሲያፋጩት ይብሱን ይጣመማል። እንደ ራሰ አጥፈው ሲያሳድሩት ደግሞ ዝገት ይበላዋል፤ ዓይን ሳያየው፣ ጣት ሳይሰማው። በማግሥቱ መጀመሪያ የተቀመጠው ሰው የሚያገኘው ምላጭ ሳይሆን መጋዝ ነው።

ታዲያ የከተማው ሰው ምን አደረገ? ነገሩት ብለሽ እንዳታስቢ። በአገራችን ሰው ለወዳጁ እውነቱን ከሚነግረው ደሙን ቢሰጠው ይቀለዋል። እነዚህም ደማቸውን ሰጡ። ከዚያም ብልሃት አበጁ፤ ሁሉም መጀመሪያ ላለመቀመጥ ተጠባበቀ።

ጠዋት ወንበሩ እንደ ተዘረጋ ግንበኛው ይመጣል። ከኋላው በርበሬ ነጋዴው ይደርሳል።

«ቅደም፣» ይላል ግንበኛው።

«ኧረ አንተ ቅደም! ቀድመህ መጥተህ።»

«በሞቴ! ታላቄ አይደለህ?»

«ታላቅነት ለክብር እንጂ ለጥድፊያ ነው እንዴ? ተቀመጥ፣ በልጆችህ!»

ሌላ ሰው ይጨመራል፤ መገባበዙም ይጨመራል። በመጨረሻ ወይ ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ይቀመጣል፣ ወይ ይሉኝታ ያሸነፈው አንዱ ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። ጢም ላጩ ይህን እያየ ልቡ በደስታ ይሞላል። ማታ ለሚስቱ፣ «የኔ ወንበር ዘንድ ሰው ጨዋ ይሆናል። ሌላ ቦታ ይጋፋሉ፤ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ግን ይከባበራሉ» ይላታል።

አንድ ጊዜ በርበሬ ነጋዴው ነገሩን በዘዴ ሊያነሣ ሞከረ። አገጩን በመሐረብ ይዞ፣ «ለመሆኑ ስለትህን እንዴት አድርገኸዋል?» አለው።

«ተመስገን ነው! ዘንድሮስ ደርሶልኝ ለሚካኤል ጃንጥላ አስገባሁ፣» አለ ጢም ላጩ፤ የጠየቀው ስለ ተሳለው ስለት መስሎት። «አንተስ? ምን ተስለህ ነበር?»

«እኔማ… በጤና ልዋል ብዬ ነበር፣» አለ ነጋዴው፤ ሄደም። ከዚያ በኋላ ማንም አልሞከረም። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለጢም ላጩ አበልጁ ነው፤ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሣችለት የጢም ላጩ ሚስት ናት። ዝምተኛ ሰው ነበር፣ ወፍጮው ስለሚጮህ ይሁን ወይም ተፈጥሮው ሆኖ። ሁልጊዜ የሚላጨው እኩለ ቀን ላይ፣ ሞተሩ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ የማለዳውን ምላጭ አያውቀውም ነበር። ከዓመት በፊት ሚስቱ ሞተችበት። ጢሙን ለቀቀ፤ ጋቢውን ዘቅዝቆ ለበሰ፤ ከወፍጮው ጀርባ ገብቶ ዱቄት ተነስንሶበት ዋለ። ጢሙ የነጣው በሐዘን ይሁን በዱቄት ለማወቅ የሚጠጋው አልነበረም።

ዓመቱ ሲሞላ የልጂቱ ሠርግ ደረሰ። ሽማግሌዎች ገብተው፣ «በቃህ። ልጅህን እንዲህ ሆነህ አትድራትም። ሐዘንህን አውጣ፣» አሉት። እሱም እሺ አለ፤ «የሚላጨኝ ግን አበልጄ ነው፤ ሌላ እጅ አይነካኝም።»

በዚያች ከተማ ሐዘን የሚያወጣ ሰው ሲላጭ ልማድ አለው። የዕለቱ የመጀመሪያ መሆን አለበት፤ በሌላ ሰው ፊት ላይ የዋለ ምላጭ አይነካውም። ደግሞ ደም ከፈሰሰው፣ ሐዘኑ አልወጣም፣ ተመልሶ ይገባል ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ያመነ ሰው ግን ደሙን ያየ ዕለት ይሰበራል፤ ይህን አውቃለሁ።

ጢም ላጩ ይህን በሰማ ጊዜ አለቀሰ። አበልጁ ከሰው ሁሉ መርጦታል። ጠዋት የሚለብሰውን ልብስ አሳጠበ፤ ወንበሩን በሳሙና አጠበ። ምላጩንም የዓርብ ዕለት የመጨረሻው ሰው እንደ ተነሣ ከወትሮው እጥፍ በጠፍሩ ላይ አመላለሰውና፣ እንደ ራሰ አጠፈው።

ቅዳሜ ማለዳ ወንበሩን ሲዘረጋ ግንበኛው እየሮጠ መጣና ቁጭ አለ።

«ምነው?» አለ ጢም ላጩ። «ዛሬ እኮ የአበልጄ ቀን ነው። ተነሣልኝ።»

«አልነሣም።»

«ምን አልክ?»

«ላጨኝና እነሣለሁ።»

ይህ ሳያልቅ በርበሬ ነጋዴው ደረሰና የግንበኛውን ክንድ ይዞ ይጎትት ጀመር። «ተነሥ አንተ! የነገ ሠርግ አጃቢ ነህ፤ ፊትህ ያስፈልግሃል። እኔ ልቀመጥ!»

«አልነሣም አልኩ! አንተ ባለፈው ተቀምጠሃል!»

«በሞቴ!»

«ሙት!»

ጢም ላጩ ጆሮውን ማመን አቃተው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሞቴ ተቀመጥ ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች፣ ሐዘንተኛ በሚጠበቅበት በዚህ ቀን እንደ ውሻ ይናከሳሉ። ንዴቱ ገነፈለ።

«ባለጌዎች!» አለ። «የት ሄደ ጨዋነታችሁ? ዓመት ሙሉ ያዘነ ሰው ሲመጣ ወንበር አትለቁም? ወይኔ፣ እኔ እኮ በእናንተ ስኮራ ነው የኖርኩት!»

ግንበኛው አገጩን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገ።

«ና እስኪ እይ። ይህቺ የመስከረም ናት። ይህቺ የኅዳር። ከጆሮዬ ሥር ያለችው ደግሞ የአምና ፋሲካ ማግሥት ናት። የድንጋይ ፍንጣሪ መታኝ ብዬሃለሁ አይደል? የምን ድንጋይ! ድንጋይ እንዲህ አይቆርጥም።»

በርበሬ ነጋዴውም መሐረቡን አወረደ። «እኔም ድመት ቧጠጠችኝ ብዬሃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ። ወንድሜ፣ እኔ ድመት የለኝም!»

ጢም ላጩ ከአንዱ አገጭ ወደ ሌላው ተመለከተ።

«የጠዋት ምላጭህ ይቆርጣል፣» አለ ግንበኛው ቀስ ብሎ። «ቀን ደኅና ነው፤ ጠዋት ግን ይቆርጣል። ቅደም ቅደም የምንባባለው ለዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ ልማዱም ቢፈርስ የእሱ ደም ከሚፈስ የኛ ይፍሰስ ብለን ነው የመጣነው።»

ጢም ላጩ ግድግዳውን ተደገፈ። እያንዳንዱ «በሞቴ» ተራ በተራ ትዝ አለው። ለሚስቱ የነገራት ሁሉ ትዝ አለው። የሳቁበት መሰለው፤ ፊታቸውን ሲያይ ግን ማንም አልሳቀበትም። ያ ባሰ። የሳቀብህን ትጠላዋለህ፣ ታርፋለህ። ስለ ወደደህ ፊቱን ያስቆረጠውን ሰው ምን ታደርገዋለህ? ምላጩን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ገደል ሊወረውረውና ከተማውን ጥሎ ሊሄድ አሰበ።

በዚህ ጊዜ የወፍጮ ቤቱ በር ተከፈተ። ባለ ወፍጮው ጋቢውን እንደ ዘቀዘቀ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«አበልጅ፣» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቀኝ። ምን ቀረኝ።»

«እኔ ከግድግዳው ወዲያ ነው የምውለው። ሞተሩ ባረፈ ጊዜ ጠፍርህ ሲጮህ ይሰማኛል። ሁልጊዜ የሚጮኸው ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ጠዋት፣ የመጀመሪያው ሰው ሲቀመጥ፣ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

«በሰው ፊት ስለት እንዴት ይሳላል? ነውር አይደለም?»

«እኔ እንጃ፤ የሙያው ምሥጢር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ግን ወፍጮ መቼ ነው የሚወቀረው፣ ድንጋዩ ጥርስ የሚወጣለት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የወፍጮ ነገር።»

«እህል ፈጭቼ ስጨርስ ድንጋዩን እጠርገዋለሁ እንጂ አልወቅረውም። ማታ ወቅሬ ብተወው አቧራውም እርጥበቱም ይገባበታል። የምወቅረው ጠዋት ነው፣ እህሉን አይቼ። ጤፍ ሲሆን ሌላ ነው፤ ማሽላ ሲሆን ሌላ።» ቀጥሎም፣ «ቀድሜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። እኔም ያው እንደነሱ ነኝ፣» አለ።

ጢም ላጩ ግንበኛውን በክንዱ ይዞ አስነሣውና ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«መስታወቱን ያዝልኝ፣» አለው።

ያን ሁሉ ሰው ያደነቀውን ጢም በመቀስ አሳጠረው። ሳሙና ቀባ። ዓርብ የሳለውን ምላጭ ዘረጋና፣ በጠፍር ሳይነካው፣ በቀኝ ጉንጩ ላይ አሳረፈው። ምላጩ አልሄድ አለ። ጎተተ፤ ነጨ፤ ቀጥሎ ቆረጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አላቆመም። ሳሙናው ቀይ እስኪሆን፣ ቀኝ ጉንጩ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ድረስ ላጨ። ሰዎቹ፣ «በቃህ!» አሉት። «እናንተ ስድስት ዓመት በቃህ አላላችሁኝም፣» አላቸው።

ከዚያ ምላጩን አጠበ። በደረቅ ጨርቅ ጠረገ። እጀታው ውስጥ ያለውን እርጥበት ሳይቀር በጨርቁ ጫፍ እያስገባ አደረቀ። ተነሥቶ በሰዎቹ ሁሉ ፊት ጠፍሩን ወጠረና ሳለው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይጫነው፣ ወዲህ ሲመልሰው በጀርባው እያገላበጠ። ተቀመጠና ግራ ጉንጩን ላጨ። ምላጩ እንደ ቅቤ ሄደ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ተነሣ። ግማሽ ፊቱ ደም፣ ግማሹ ንጹሕ። ሃያ ዓመት ያላየውን አገጩን በእጁ ዳሰሰ። በርበሬ ነጋዴው፣ «ይህን አገጭ ነው ደብቀህ የኖርከው?» አለው፤ መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ጢም ላጩ ነው።

ባለ ወፍጮው ግን አልሳቀም። መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«የመጀመሪያው እኮ አይደለህም ዛሬ፣» አለው ጢም ላጩ። «ልማዱ ፈርሷል። ምላጩ በእኔ ፊት ላይ ውሏል።»

«ካንተ ፊት በመጣ ምላጭ አልረክስም። ይልቅ ሳለው።»

ጢም ላጩ እንደገና አጠበ፣ እንደገና አደረቀ። ጠፍሩን ያዘ። እጁ ግን ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሳሉ በፊት የሚላጨውን ፊት አየ። ጉንጩ ገብቷል። ከከንፈሩ በላይ የማያውቀው መስመር ተሠምሯል። ቆዳው እንደ ሲጋራ ወረቀት ሳስቷል። ይህ አምና የላጨው ፊት አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ሲፈጭ የኖረ ፊት ነው። ያን ጊዜ እንደ ልማዱ አላመላለሰውም፤ ለዚያ ፊት በሚሆን መጠን ሳለው፤ ፊቱን አንዴ፣ ስለቱን አንዴ እያየ።

ባለ ወፍጮው የጠፍሩን ድምፅ ያለ ግድግዳ ሰማው። አልፈራም። በፊቱ ስለት ሲሳል፣ «ይህ ሁሉ ለእኔ ነው፣» አለ በልቡ።

ተላጨ። ደም አልወጣም። እንባ ግን ወጣ፤ ያን የሚከለክል ልማድ በዚያች ከተማ አልነበረም። ሲነሣ ጋቢውን አቅንተው አለበሱት። ጢም ላጩም እጁ ወደ ጠፍሩ ሊሄድ ሲል ያዘው። ምላጩን ጠረገ፤ አደረቀ፤ ሳያጥፈውም ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ተወው።

እዚህ ላይ እማሆይ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ምላጩ አንደበትሽ ነው፣ ልጄ። ድንኳኑ ውስጥ ከእኅትሽ ጋር ተናገራችሁ፤ ሥራው ያን ዕለት አለቀ። መጥረግ፣ ማድረቅ፣ መተው ነበረብሽ። አንቺ ግን እሷ ከሄደች በኋላ፣ ማንም በሌለበት፣ በእንባሽ እንደ ራሰ ሁለት ዓመት ስታፋጪው ከረምሽ። ስለት ያጠራቀምሽ መስሎሻል። ያጠራቀምሽው ዝገት ነው። አፍሽን ስትከፍቺ ያላሰብሽው የሚወጣው ለዚህ ነው።»

«እንግዲያስ ዝም ልበላት?» አለች ትርንጎ።

«ዝም በዪ አላልኩም። ስድስት ዓመት ዝም ያሉት ሰዎች ምን እንዳተረፉ ነገርኩሽ። ያመመሽን ንገሪያት። ነገር ግን ያሰናዳሽውን ይዘሽ እንዳትቀበያት። ዛሬ ቤትሽ ግቢና ጥረጊው። ቅዳሜም አትንኪው። እሑድ ትምጣ፤ ትቀመጥ። ቃል የሚሳለው የሚነካውን ፊት እያዩ ነው፤ ያን ጊዜ ለዚያ ፊት የሚበቃውን ያህል ብቻ ትስዪዋለሽ፤ እሷም ስትስዪው ታያለች፤ አትፈራሽም። እሷም እኮ እናት ነው የሞተባት። ደርሳ ያላየቻትን እናት። ሁለት ዓመት ያ ነገር ፊቷን ምን እንዳደረገው አላየሽም።»

ትርንጎ አቀርቅራ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

«አስቀድመሽ እዪያት፣» አሉ እማሆይ። «ደኅና አድርገሽ እዪያት። ምናልባት የሚላጭ ነገር አታገኚባት ይሆናል።»